የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሁሉ የፖሊስ አለቃ አይደለም

የውጭ ዜና መተርጎም ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። አንድ ስህተት ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። «የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር» ሲባል ሰው ሁሉ ወዲያው ፖሊስና እስር ቤት ይታየዋል። ለብዙ አገሮች ይህ ከሞላ ጎደል ያስኬዳል። ለአሜሪካ ግን ፈጽሞ አይሠራም።

የአሜሪካው የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ1849 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲቋቋም፣ ሥራው ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ተቀንሶ የተሰጠው ነበር። የመንግሥት መሬት ከገንዘብ ሚኒስቴር፣ የቀደምት ነዋሪዎች ጉዳይ ከጦር ሚኒስቴር መጣለት። ዛሬም ብሔራዊ ፓርኮችን፣ የዱር እንስሳትንና የፌዴራል መሬትን ያስተዳድራል። በዚያ መሬት ላይ ነዳጅና ማዕድን ለማውጣት የሚፈልግ ፈቃድ የሚጠይቀው እሱን ነው። የፌዴራል የወንጀል ምርመራ ቢሮው ኤፍ ቢ አይ ያለው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው። ድንበርና ኢሚግሬሽን ደግሞ በ2002 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የሆምላንድ ሴኩሪቲ (የአገር ደኅንነት ሚኒስቴር) ሥራ ነው። አዎ፣ መሥሪያ ቤቱ የፓርክ ፖሊስ አለው። ያ ግን የአገሪቱን ፖሊስ መምራት አይባልም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ነዳጅ ቁፋሮ ፈቃድ የወጣ ዜና ሲተረጉም፣ የአሜሪካውን ኃላፊ «የአገሪቱ የጸጥታ የበላይ» ብሎ ከራሱ ጨመረበት። ዜናው እንዳለ ተነበበ። ከዚያ አንድ አድማጭ ደወለ፤ «የጸጥታ ሰው ነዳጅ ቁፋሮ ውስጥ ምን አገባው?» አለን። ልክ ነበር። እኛ ነን የተሳሳትነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ማዕረጉን ቃል በቃል ከመገልበጣችሁ በፊት ከሰውየው ሥር የትኞቹ ተቋማት እንዳሉ እዩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ለአሜሪካው «የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ኃላፊ» ብዬ እጽፋለሁ። ቃል በቃል አይደለም፤ አንባቢ ግን ሥራውን ያውቃል። ለጀማሪ ተርጓሚዎችም ይህንኑ እነግራቸዋለሁ፤ ማዕረግ አትተርጉሙ፣ ሥራውን ተርጉሙ።

ሁለተኛው ስህተት፣ ፖሊስ በሥራቸው ባለበት አገር እንኳ ሚኒስትሩ «እከሌን ያዙት» ብለው ያዛሉ ብሎ ማሰብ ነው። በብሪታንያ ሚኒስትሩ ፖሊሲና በጀት ላይ ይወስናሉ። ማን ይመርመር፣ ማን ይታሰር የሚለው ግን የፖሊስ አዛዦቹ ውሳኔ ነው። በጀርመን ደግሞ 16ቱ ክፍላተ ግዛት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፖሊስና የራሳቸው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር አላቸው። የበርሊኑ የፌዴራል ሚኒስትር የባቫሪያን ፖሊስ አያዝዝም። ዜናው ላይ «የጀርመን ሚኒስትር» ካያችሁ፣ የፌዴራሉ ነው ወይስ የክፍለ ግዛቱ ብላችሁ ጠይቁ።

እስር ቤትስ? በስፔን በዚሁ ሚኒስቴር ሥር ነው። በፈረንሳይ ከ1911፣ በእንግሊዝ ከ2007 ጀምሮ ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ዞሯል።

ሥራው ወንጀል ብቻ ነው የሚሉም አሉ። በፈረንሳይ ምርጫ የሚያደራጀው፣ በምርጫው ምሽትም ውጤት እየሰበሰበ የሚያወጣው ይኸው ሚኒስቴር ነው። በየአውራጃው መንግሥትን የሚወክሉት ፕሬፌዎችም ከሱ ጋር ነው የሚሠሩት።

ሰልፍ በተነሳ ቁጥር የሩሲያን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ስም ብቻ ለሚፈልጉም አንድ ነገር ልበል። ሰልፍ ላይ ይሰማራ የነበረው የሚኒስቴሩ የውስጥ ጦር በ2016 ተወስዶ ብሔራዊ ዘብ ሆኗል። ተጠሪነቱም በቀጥታ ለፕሬዚዳንቱ ነው።

በጃፓን ደግሞ ሚኒስቴሩን ጭራሽ አትፈልጉት። በ1947 ፈርሷል። ፖሊስን የሚቆጣጠረው የሕዝብ ደኅንነት ኮሚሽን ነው።