አንዱ ድረ ገጽ ሲከፈት ሌላው እምቢ ሲል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የቤት ኢንተርኔት ጭራሽ ሲጠፋ ጥፋቱን ማግኘት አይከብድም። የሚያደክመው አንዱ ገጽ እየተከፈተ ሌላው ሲሽከረከር፣ ጠዋት የሠራው ማታ እምቢ ሲል ነው።

«ቴሌግራም ይሠራል፤ ስለዚህ ኔቱ ደህና ነው»

ቴሌግራም የሰርቨሮቹን አይፒ አድራሻ (የቁጥር አድራሻ) በውስጡ ይዞ ነው የሚመጣው። ብራውዘር ግን የገጹን ስም ወደ አይፒ የሚቀይርለት ዲኤንኤስ ካልመለሰለት የትም አይደርስም። ዲኤንኤስ ሲደክም ቴሌግራም እየሠራ ድረ ገጹ የሚጠፋው ለዚህ ነው። በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ የኔትወርክ ሴቲንግ ገብተው ዲኤንኤሱን 8.8.8.8፣ ሁለተኛውን 1.1.1.1 ያድርጉት። ከተስተካከለ ያንኑ ራውተሩ ላይ ይቀይሩ።

«የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ነው፤ ጥፋቱ የመስመሩ ነው»

ምልክቱ የሚያሳየው የራውተሩን የሲግናል ጉልበት እንጂ የጎረቤትን ረብሻ አይደለም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አሥር ራውተር አንድ ቻናል ላይ ሲሻማ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ዳታው ይጠፋል። ከመፍረድ በፊት መለየት ነው። ማንም ምንም በማያወርድበት ሰዓት መጀመሪያ ራውተሩን፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ 100 ጊዜ ፒንግ ያድርጉ (ፒንግ አጭር መልእክት ልኮ ምላሽ የሚጠብቅ ትእዛዝ ነው)፤ ቀጥሎ ከቤት ውጭ ያለውን 8.8.8.8ን እንዲሁ። የመጀመሪያው ላይ ምላሽ ከጎደለ ጥፋቱ ቤት ውስጥ ነው፤ ወደ 5 ጊጋኸርትዝ ይዛወሩ፣ ወይም በ2.4 ላይ ከ1፣ 6 እና 11 ጭር ያለውን ቻናል ይምረጡ። የመጀመሪያው ንጹሕ ሆኖ ሁለተኛው ከጎደለ ግን ወደ መስመሩ ያመራል፤ ውጤቱን ይዘው ለአቅራቢው ያመልክቱ።

«ገጹ ታግዷል»

አንዳንዴ እውነት ነው። ግን ቀለል ያለው ገጽ እየተከፈተ ከባዱ ነጭ ሆኖ ከቀረ ኤምቲዩን፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚላከውን የዳታ ቁራጭ (ፓኬት) ትልቁን መጠን፣ ይመልከቱ። በዩዘርኔምና በፓስወርድ የሚገባ የፒፒፒኦኢ መስመር ከ1500 ባይት 8ቱን ለራሱ ይወስዳል፤ የሚተርፈው 1492 ነው። ራውተሩ ላይ 1500 ከተሞላ ትልልቁ ፓኬት መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ፓኬቱ እንዳይከፋፈል አድርገው ፒንግ ያድርጉ፤ 1464 ባይት አልፎ 1472 ካላለፈ 1492 ይሙሉ። 1464ም ካላለፈ እስኪያልፍ በ10 በ10 እየቀነሱ ይሞክሩ፣ ባለፈው ቁጥር ላይ 28 ደምረው ኤምቲዩ ላይ ይሙሉ።

«ሁለተኛ ራውተር ቢጨመር ይሻላል»

ለስልክና ለኮምፒውተር አይፒ አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ በሁለተኛው ራውተር ላይ ካልተዘጋ ሁለቱም አድራሻ ያድላሉ፣ አንዱ ስልክ ይሠራል ሌላው ይቀራል። የመጀመሪያው 192.168.1.1 ከሆነ የሁለተኛውን አድራሻ 192.168.1.2 ይበሉት፣ ዲኤችሲፒውን ይዝጉ፣ ገመዱን ከአንዱ ራውተር የላን ቀዳዳ ወደ ሌላው የላን ቀዳዳ ይሰኩ።

«የኮምፒውተሩ ቀን ከኢንተርኔት ጋር ምን አገናኘው?»

ብዙ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ ስትሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሙላት። 2018 ብለው ሲሞሉ ኮምፒውተሩ የሚረዳው የፈረንጁን 2018 ነው፤ የገጹን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርተፍኬት ጊዜው ገና ያልጀመረ ይመስለውና አልከፍትም ይላል። ሰርተፍኬት የሌላቸው የድሮ ገጾች ግን ይከፈታሉ፤ ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው። ቀኑን ከኢንተርኔት በራሱ እንዲወስድ ያድርጉት፣ ባትሪዋን ይቀይሩ።

«ካልሆነ ሪሴት»

ሶኬቱን ነቅሎ ከ30 ሰከንድ በኋላ መሰካት ጉዳት የለውም። በመርፌ የሚጫነው ሪሴት ግን የአቅራቢውን ዩዘርኔምና ፓስወርድ ያጠፋል፤ የሚቆራረጠው ኔት ጭራሹን ይሄዳል። ሁለቱ ወረቀት ላይ ካልተጻፉ አይንኩት።