ስፓሬጆ ምንድን ነው?

ሁለት ቡድኖች የጣሊያኑን ሊግ ሴሪ ኤን በእኩል ነጥብ ቢጨርሱ ዋንጫው የማን ነው? ፕሪሚየር ሊግ እያየን ያደግን ሰዎች መልሳችን ቶሎ ይመጣል፦ የጎል ልዩነት። ማንቸስተር ሲቲ በ2012 (እንደ ፈረንጆቹ፣ ከዚህ በታችም እንደዛው) ዩናይትድን የቀደመው በዚሁ ነው። ጣሊያን ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ቡድኖች አንድ ተጨማሪ ጨዋታ ይጫወታሉ፣ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ስፓሬጆ የሚሉት ይሄንን ነው።

ሕጉ ለብዙ ዓመታት ቀርቶ ነበር። እኩል የሆኑ ቡድኖች የሚለዩት እርስ በርስ ባደረጉት ጨዋታ ውጤት ነበር። በ2022/23 ተመለሰ፣ ያውም ለዋንጫና ላለመውረድ ብቻ። በ90 ደቂቃ ካልተሸናነፉ ጭማሪ ሰዓት የለም፣ ቀጥታ ወደ መለያ ምት። እዚህ ላይ እኔ አልስማማም። 38 ጨዋታ ተጫውተህ አሁንም እኩል ከሆንክ ሌላ 30 ደቂቃ ምን ይጎዳል?

በሴሪ ኤ ታሪክ ዋንጫ በዚህ መንገድ የተለየው አንዴ ብቻ ነው፣ በ1964። ቦሎኛና ኢንተር በ54 ነጥብ እኩል ጨረሱ። የአሠልጣኝ ሄሌኒዮ ሄሬራ ኢንተር ከጥቂት ቀናት በፊት ቪየና ላይ ሪያል ማድሪድን 3 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ አንስቷል። ቦሎኛ ደግሞ ዓመቱን በዶፒንግ ክስ ሲታመስ የከረመ ቡድን ነው፤ ነጥብ ተቀነሰበት፣ ኋላ ተመለሰለት። በዚህ ላይ የክለቡ ፕሬዚዳንት ሬናቶ ዳላራ ስለ መለያው ጨዋታ ሊነጋገሩ ሚላን ሄደው እዚያው ሊጉ ቢሮ ውስጥ በልብ ድካም ሞቱ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ጁን 7፣ ቦሎኛ ሮም ላይ ኢንተርን 2 ለ 0 አሸነፈ። የቦሎኛ ስታዲየም ዛሬም በዳላራ ስም ይጠራል።

በ2025 ለጥቂት ነው ሁለተኛው ሳይመጣ የቀረው። የመጨረሻው ቀን ሲደርስ ናፖሊ 79፣ ኢንተር 78። ናፖሊ ቢሸነፍና ኢንተር አቻ ቢወጣ እኩል ይሆናሉ። ኢንተር ደግሞ ሜይ 31 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ስለነበረበት የመጨረሻዎቹ ጨዋታዎች አርብ ተደረጉ፣ ስፓሬጆ ካስፈለገ ለሰኞ ቀን ተይዞለት ነበር። የሚገርመው ሁለቱ እርስ በርስ ሁለቴም 1 ለ 1 ነው የተለያዩት፣ በጎል ልዩነት ግን ኢንተር በ12 ይበልጥ ነበር። እኩል ቢጨርሱ በእንግሊዝ ሕግ ዋንጫው የኢንተር ይሆን ነበር ማለት ነው። ብቻ የናፖሊዎቹ ማክቶሚናይና ሉካኩ ካልያሪ ላይ አገቡ፣ ኢንተርም ኮሞን አሸነፈ፣ 82 ለ 81 አለቀ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፍቶኛል፣ ሰኞን ስጠብቅ ነበር።

ላለመውረድ ግን አዲሱ ሕግ ገና በመጀመሪያው ዓመት ሥራ ላይ ዋለ። ስፔዚያና ቬሮና በ31 ነጥብ እኩል ጨርሰው ጁን 2023 ሬጆ ኤሚሊያ ላይ ተገናኙ፣ ቬሮና 3 ለ 1 አሸነፈ። በዚያው ውድድር ዓመት እርስ በርስ ሲጫወቱ ስፔዚያ አንዱን አሸንፎ በሌላው አቻ ወጥቶ ነበር። በድሮው ሕግ ሴሪ ቢ የሚወርደው ቬሮና ነበር።