«እሱን የሚመስል ሌላ ራፐር» ፍለጋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ታናሽ ወንድሜ ባለፈው በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከልኝ። «ኬንድሪክን ጨርሼዋለሁ። እሱን የሚመስል አዲስ ልጅ ካለ ንገረኝ» ይላል።

ስሜቱ ገባኝ። የምትወዱት ራፐር አልበሞች ሲያልቁ ሆድ ይብሳል። ሌላ ትፈልጋላችሁ፣ ልብ የሚደርስ ይጠፋል፣ ዞራችሁ ያንኑ ትከፍታላችሁ። ግን አንድ ነገር ጠየቅሁት። ራፐሩ ኬንድሪክ ላማር በኅዳር 2024 ሳይታሰብ የለቀቀው አልበም ላይ ማስተርድ የሚባል ሙዚቃ አቀናባሪ በሠራው አንድ ዘፈን መጨረሻ ላይ ሌላ ሰው ይገባል። ማን ነው? ወንድሜ ያን ዘፈን ስንት ጊዜ እንደሰማው ቆጥሮ አይዘልቀውም። ስሙን ግን አላወቀውም። ሌፍቲ ጋንፕሌይ ይባላል። የሚፈልገው አዲስ ልጅ ጆሮው ውስጥ ነበረ።

መልሴ ረዘመ። እዚህ በጽሑፍ አስቀምጬዋለሁ፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ስለሆነ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«ድምፁ የሚመስል ከሆነ ይመስለዋል»

ብዙ ጊዜ የሚያባክነው ይሄ ነው። በ2016 ዲዛይነር የሚባል የብሩክሊን ልጅ ዘፈን የቢልቦርድን ሰንጠረዥ አንደኛ ያዘ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ሲሰማው የአትላንታው ፊውቸር መስሎት ነበር። ድምፁ በእርግጥ ይቀራረባል። ፊውቸርን የሚወድ ሰው ግን የሚወደው ያን የታፈነ ድምፅ ብቻ አይደለም። ከድምፁ ጀርባ ያለውን ከተማ፣ ቢቱን (ከራፑ ስር የሚሄደውን ሙዚቃ) የሚሠሩለትን ልጆች፣ ዘፈኑ ውስጥ ያለውን ብሶት ጭምር ነው። ዲዛይነርም እንደዚያ ያለ ሌላ ዘፈን አልመጣለትም።

አገራችን ውስጥ አንድ እንግዳ ልጅ ሲመጣ ሽማግሌዎች መልኩን አይተው ዝም አይሉም። «የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል። የት ነው ያደግኸው፣ ከእነማን ጋር? ራፐርም የሚፈለገው እንዲሁ ነው። ማንን ይመስላል ከማለት የማን ልጅ ነው ማለት ይሻላል። ማን ቢት ሠራለት፣ ከማን ጋር ዘፈነ፣ ሰፈሩ የት ነው፣ ከማን ጋር መድረክ ወጣ። ይህን ስትቆጥሩ የሚገኘው ሰው ድምፁ ባይመሳሰልም ስሜቱ ይመሳሰላል።

«መከተል ያለብኝ ራፐሩን ነው»

ፕሮዲውሰሩን፣ ማለትም ቢቱን የሚሠራውን ሰው፣ ተከተሉ። ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

ዘ አልኬሚስትን ውሰዱ። ከኒውዮርኮቹ የራፕ ጥንድ ከሞብ ዲፕ ጋር የሠራ ሰው ነው፤ የድሮውን ኒውዮርክ የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል። ቢቱን ልብ ብላችሁ ስሙት። ከበሮው ያንሳል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ያለ አይመስልም። ከአሮጌ ሸክላ የተቀነጨበች የፒያኖ ወይም የጊታር ድምፅ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ራፐሩ የሚደበቅበት ጫጫታ የለም። ስለዚህ እሱ ቢት ላይ ቆሞ የሚያምርበት ሰው ቃል የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት።

አሁን ከእነማን ጋር ሙሉ አልበም እንደሠራ ቁጠሩ። በ2020 ከጌሪ ኢንዲያናው ፍሬዲ ጊብስ ጋር። በዚያው ዓመት ከዲትሮይቱ ቦልዲ ጀምስ ጋር። በ2021 አርማንድ ሃመር ከሚባሉት ሁለት ሰዎች ጋር። በ2022 ከሮክ ማርሲያኖ ጋር። በ2023 ከሳን ፍራንሲስኮው ላሪ ጁን፣ ደግሞም ከኧርል ስዌትሸርት ጋር። አንድ ሰው ተከትለን ስድስት በር ከፈትን። ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ ሁለቱን ስማቸውን ያልሰማ የኒውዮርኩ ራፐር የናስ ወይም የሞብ ዲፕ ወዳጅ ብዙ አለ። ከቦልዲ ጀምስ ጀምሩ ብያለሁ። ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ አይቸኩልም፤ ጎረቤት ቁጭ ብሎ የሆነውን እንደሚያወራ ነው።

ቆጠራው በዚህ አያበቃም። ዘ አልኬሚስት ኦ ኖ ከሚባል ፕሮዲውሰር ጋር ጋንግሪን የሚል ጥንድ አላቸው። ይሄ ኦ ኖ በ2009 አንድ ሙሉ የቢት አልበም የሠራው ከኛው የስድሳዎቹና የሰባዎቹ ዘፈኖች ቀንጭቦ ነው፤ የአልበሙም ስም የኢትዮጵያን ስም ይዟል። የኦ ኖ ታላቅ ወንድም ደግሞ ማድሊብ ነው። ማድሊብ ከፍሬዲ ጊብስ ጋር በ2014 እና በ2019 ሁለት አልበም ሠርቷል። ከሞብ ዲፕ ተነስተን ቆጠርን፣ ቆጠርን፣ መንገዱ በቤታችን በኩል አለፈ። ናስ እና ዴሚያን ማርሊም በ2010 የጋራ አልበማቸውን የከፈቱት በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ቆመው ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ደግሜ ደጋግሜ አስጀመርኩት።

ስሞቹን ማግኘት አይከብድም። ስፖቲፋይ ላይ ከዘፈኑ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑና ክሬዲት የሚለውን ክፈቱ። ዩቲዩብ ላይ ከቪዲዮው ስር ያለውን ጽሑፍ እስከ ታች አንብቡ። አብዛኛው ሰው ሳያየው ያልፈዋል።

«አፑ ከኔ በላይ ያውቀኛል»

የሙዚቃ አፑ በዋናነት የሚያየው የእናንተንና እናንተን የሚመስሉ ሰዎችን አጨዋወት ነው። ይህን የሰሙ ሰዎች ያንንም ሰምተዋል ብሎ ያቀርብላችኋል። ስለዚህ ከኬንድሪክ ቀጥሎ ጄ ኮልን ይሰጣችኋል። ጄ ኮልን የማያውቅ የኬንድሪክ አድማጭ ደግሞ የለም! ትንሽ አድማጭ ያለው ልጅ በዚህ ወንፊት ውስጥ ይወድቃል።

ሌላም አለ። ስፖቲፋይ ዲስከቨሪ ሞድ የሚባል አሠራር አለው። አርቲስቱ ወይም ኩባንያው ዘፈኑን ይመርጣል፣ አፑ ያንን ዘፈን በሬዲዮና በአውቶፕሌይ ላይ የበለጠ ያቀርበዋል፣ በምትኩ ከዚያ የሚገኘው ክፍያ ይቀንሳል። ሕገወጥ ነገር አይደለም። ግን ሳትጠይቁ የመጣላችሁ ዘፈን ሁሉ ለጆሯችሁ ተብሎ ብቻ የተመረጠ እንዳይመስላችሁ።

«አዲስ ማለት ወጣት ማለት ነው»

ይሄኛው ያሳዝነኛል፤ እኔም በእሱ ምክንያት አንድ ትልቅ ሰው ዘግይቼ ስላገኘሁ።

ካ ይባላል። የብሩክሊን፣ የብራውንስቪል ሰው ነው። በኒውዮርክ የእሳት አደጋ መከላከያ ውስጥ እስከ ካፒቴንነት የደረሰ ሠራተኛ ነበር። የመጀመሪያ የግል አልበሙን በ2008 ሲያወጣ ዕድሜው ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር። ብዙውን ቢት ራሱ ይሠራ ነበር። አልበም ሲያወጣ ማንሃተን መንገድ ዳር ቆሞ በእጁ ይሸጥ ነበር። ድምፁ ሹክሹክታ ነው ማለት ይቻላል፤ አንዱን መስመር ለመረዳት ዘፈኑን ማቆም ያስፈልጋል። በጥቅምት 2024 በ52 ዓመቱ አረፈ።

የማን ልጅ ነው ብትሉ፣ ዉ-ታንግ የሚባለው የኒውዮርክ የራፕ ቡድን አባል ጂዛ በ2008 አልበሙ ላይ አስገብቶታል። ሮክ ማርሲያኖም በ2010 የመጀመሪያ አልበሙ ላይ። ሮክ ማርሲያኖ ራሱ ከዚያ በፊት በራፐሩ ባስታ ራይምስ ቡድን ውስጥ የነበረ ሰው ነው። የቡፋሎዎቹ የራፕ ቡድን ግሪሴልዳም ስማቸው የወጣው ሠላሳን ካለፉ በኋላ ነው። ዉ-ታንግን የሚወድ ሰው የሃያ ዓመት ልጅ ብቻ ከፈለገ እነዚህን ሁሉ ያጣል።

«በአንድ ሌሊት ወጣች» የሚባሉትም እንዲሁ ናቸው። የታምፓዋ ዶቺ በነሐሴ 2024 በለቀቀችው ሚክስቴፕ በየካቲት 2025 የምርጥ ራፕ አልበምን ግራሚ ወሰደች። ሽልማቱን ከወሰዱ ሴቶች ሦስተኛዋ ናት። ግን አንድ ዘፈኗ ከዚያ አራት ዓመት በፊት ወጥቶ ቲክቶክ ላይ ይዞር ነበር፤ ኬንድሪክ ያደገበት የሙዚቃ ኩባንያ ቲዲኢም በ2022 አስፈርሟት ነበር።

«ትልቅ ሰው ካስገባው አለቀ፣ ጎበዝ ነው»

መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት የኬንድሪክ አልበም ላይ ዶዲ ሲክስ፣ ሂታ ጄ ስሪ፣ ያንግ ስሬት፣ ፔይሶ፣ ዋሊ ዘ ሴንሴ አሉ። አብዛኞቹን ከካሊፎርኒያ ውጪ የሚያውቃቸው ጥቂት ነበር። ኬንድሪክ በሩን ከፈተላቸው እንጂ ዋስ አልሆነላቸውም። የየራሳቸውን ሦስት ሦስት ዘፈን ስሙ። አንዱም ጆሯችሁን ካልያዘ ተዉት፤ ከያዛችሁ ግን የዘፈኑን ፕሮዲውሰር ፈልጉ።

«ምርጥ አዲስ ራፐሮች የሚለው ዝርዝር ይበቃል»

ይጠቅማል፣ ግን ይዘገያል። ኤክስኤክስኤል መጽሔት በየዓመቱ በሚያወጣው ዝርዝር ኬንድሪክ የገባው በ2011 ነው። ኬ ዶት በሚል ስም ሚክስቴፕ ካወጣ ያኔ ሰባት ዓመት አልፎታል። ያደገባት ከተማ ኮምፕተን ግን ቀድማ ታውቀው ነበር።

«ቪው ከሌለው አይረባም»

ቪው የሚናገረው ማን ገንዘብ እንዳለውም ጭምር ነው። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ስፖቲፋይ ላይ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ምንም አይከፈልበትም። ስለዚህ ለጀማሪ ልጅ የእናንተ ጥቂት ማድመጥ ክብደት አላት። አቅም ካላችሁ ባንድካምፕ ላይ፣ ሙዚቃ ከአርቲስቱ የሚገዛበት ድረ ገጽ ላይ፣ ግዙ። ከመጋቢት 2020 ጀምሮ በአንዳንድ ዓርቦች ድርጅቱ የራሱን ድርሻ ይተዋል፤ ያን ቀን ጠብቁ።

«የኛ ልጆች የሉበትም»

አሉበት። የፖርትላንዱ አሚኔ ወላጆቹ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ናቸው፤ በ2017ቱ የኤክስኤክስኤል ዝርዝር ውስጥ ነበረ። ሲያትል ላይ ገብርኤል ቴዎድሮስ አለ። እስራኤል፣ ናታንያ ውስጥ ያደጉ ሁለት ቤተ እስራኤላውያን «ካፌ ሻሖር ሐዛቅ» የሚባል ጥንድ አላቸው፤ ጠንካራ ጥቁር ቡና ማለት ነው። አገር ቤት ቴዲ ዮ እና ልጅ ሚካኤል በአማርኛ ራፕን ለብዙ ጆሮ ካደረሱት ውስጥ ናቸው። እነሱም ጋ ቆጠራው ያው ነው፤ ዘፈኖቻቸው ላይ የገቡትን እና ቢቱን የሠሩትን ልጆች ስም ጻፉ።

«ኮንሰርት ላይ ዋናው ሲወጣ ብደርስ ይበቃል»

ዋሽንግተን፣ ቶሮንቶ ወይም ስቶክሆልም ያላችሁ ይሄን ለእናንተ ነው። በ2012 መጀመሪያ ድሬክ በአሜሪካ ሲዞር ከሱ በፊት መድረኩን የሚከፍቱት ኬንድሪክ ላማር እና ኤሳፕ ሮኪ ነበሩ። ኬንድሪክን ኬንድሪክ ያደረገው ትልቅ አልበም የወጣው ከዚያ ብዙ ወራት በኋላ ነው። ያኔ ውጪ ሲያጨስ፣ መኪና ማቆሚያ ሲፈልግ፣ እራት ላይ ሲያመሽ የቆየ ሰው አምልጦታል። ቲኬት ስትገዙ ከታች በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ስም አንብቡ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ዘፈኑን ስሙ፣ በሩ ሲከፈት ግቡ።