የቤት ዋጋ ሲተኮስ የማዕከላዊ ባንክ ሥራ ምንድን ነው?

ጅማ፣ ጅሬን አካባቢ፣ ካርታ ያለው አንድ ቤት በዓመት ውስጥ ዋጋው እጥፍ ሆነ እንበል። ይህ ለሻጩና ለደላላው ሲሳይ ነው፤ ብሔራዊ ባንክን ግን ያገባዋል?

ቤት፣ የሊዝ ይዞታና አክሲዮን «ሀብት» ይባላሉ፤ ሰው የሚገዛቸው ነገ ይጨምራሉ ብሎ ነው። የዋጋ ንረት ሲሰላ የሚቆጠረው የቤት ኪራይ እንጂ የቤቱ መሸጫ ስላልሆነ ንረቱ ረገብ ብሎም የቤት ዋጋ ሊተኮስ ይችላል።

የኢኮኖሚ ምሁራኑ ቤን በርናንኬና ማርክ ገርትለር እ.ኤ.አ. በ1999 ማዕከላዊ ባንክ ለሀብት ዋጋ ወለድ መቀየር ያለበት የወደፊቱን ንረት በሚነካው ልክ ብቻ ነው ብለው ተከራከሩ። እውነት አላቸው፤ ወለድ ሰው አይመርጥም። የጅሬንን ቤት ለማብረድ ወለድ ቢጨመር፣ ቡና ሲደርስ ጀንፈል (ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና) ለመሰብሰብ የሚበደረው ነጋዴም አብሮ ይመታል። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት የሚጠቀመውን ደግሞ፣ ጅማ ላይ ጥቂት አይደለም፣ በቀጥታ አያገኘውም።

እኔ ግን ከዋጋው በፊት ገንዘቡ ከየት መጣ ብዬ እጠይቃለሁ። ነጋዴው ቡናውን ሸጦ በእጁ ገንዘብ ቤት ቢገዛ፣ ዋጋው ሲወድቅ የሚጎዳው እሱ ነው። ቤቱን አስይዞ ሁለተኛ ቤት ቢገዛስ? ብዙዎች እንዲህ ሲያደርጉ ዋጋው ይወጣል፤ ዋጋው ሲወጣ መያዣው ይከብዳል፤ መያዣው ሲከብድ ባንኩ ይጨምርለታል። ያ ሲናድ ባንኩንና የአስቀማጩን ገንዘብ ይዞ ነው። አሜሪካ ሁለቱንም አይታለች፦ እ.ኤ.አ. በ2000 የቴክኖሎጂ አክሲዮኖች ሲወድቁ ባንኮቹ ሳይወድቁ ቆሙ፤ በብድር የተገዛው ቤት ዋጋ ሲወድቅ ግን በ2008 ትልቁ የኢንቨስትመንት ባንክ ሌማን ብራዘርስ ከሰረ፣ ዓለምም ተናጋ።

ስለዚህ ወለዱ ለንረት ይሁን፤ ለቤት ደግሞ ባንክ ከመያዣው ዋጋ ስንት እጅ ማበደር እንደሚችል ይወሰን፣ ዋጋው ሲግልም ይጥበቅ። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም ንረትን ለመግታት የጣለው የ14 በመቶ የብድር ዕድገት ጣሪያ የሁሉንም ብድር ድምር የሚገድብ ነበር። በሐምሌ 2016 የገባው የ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድም (ብሔራዊ ባንክ ራሱ የሚወስነው መሪ የወለድ መጠን) ቢሆን ጀንፈል ሰብሳቢውን ቤት አስይዞ ቤት ከሚገዛው አይለይም። የመያዣ ገደብ ግን ይለያል፤ ከወለድ ነፃ በሆነው አገልግሎት ላይም ይሠራል።