የጎማ የጭነት ቁጥር ምንድን ነው?

የድሮ ቫን ጎማ ሲያልቅ ብዙ ሰው ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «15 ቁጥር ጎማ አለ?» ቸርኬው ላይ ከገጠመ፣ ጥርሱ ጥልቅ ከሆነና ዋጋው ከተስማማ ነገሩ አለቀ። ከሁሉም በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ይህ ጎማ ስንት ኪሎ ይሸከማል የሚለው ነው። መልሱ የጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። የጭነት ቁጥር የሚባለው እሱ ነው።

የድሮ ሃይስ ሚኒባስ ላይ በብዛት የሚታየውን ጎማ እንውሰድ። ጎኑ ላይ 195 አር 15 ሲ፣ ቀጥሎ 106/104 አር ይላል። 195 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። 15 የቸርኬው መጠን ነው፣ በኢንች። ሲ የምትለዋ ፊደል ጎማው ዕቃና ሰው ለሚያመላልስ መኪና ተጠናክሮ የተሠራ መሆኑን ትናገራለች። የጭነት ቁጥሩ 106/104 ነው። ቁጥሩ ራሱ ኪሎ አይደለም፤ ኪሎው ከሰንጠረዥ ይነበባል። 106 ማለት አንዱ ጎማ 950 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። 104 ደግሞ 900 ኪሎ ነው፤ የሚያገለግለውም በአንድ ጎን ሁለት ጎማ ለሚደረብበት መኪና ነው። የመጨረሻዋ አር የፍጥነት ጣሪያ ናት፤ በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር።

አሁን አጠገቡ የአውቶሞቢል ጎማ እናስቀምጥ፦ 195/65 አር 15፣ የጭነት ቁጥሩ 91። ስፋቱ ያው 195፣ ቸርኬውም ያው 15 ነው። ቁመቱ ትንሽ ቢያንስም ይገጥማል። ሻጩ «ምንም ልዩነት የላቸውም» ቢላችሁ ልታምኑት ትችላላችሁ። 91 ግን 615 ኪሎ ነው። ሰውና ዕቃ ሞልቶ የኋላው አክስል ላይ 1,600 ኪሎ አረፈ እንበል። ለእያንዳንዱ ጎማ 800 ኪሎ ይደርሰዋል። ባለ 950ው ይህን ችሎ ትርፍ አቅም ይቀረዋል። ባለ 615ቱ ከአቅሙ በላይ 185 ኪሎ ተሸክሟል።

የሚያሳስበኝ ደግሞ ጎማው በዚያው ቀን አለመፈንዳቱ ነው። ሰው ሳምንት ነድቶት ምንም ሳይሆን ሲቀር ልቡ ያርፋል። ጎማው ግን በዞረ ቁጥር ጎኑ ከልክ በላይ ይተጣጠፋል። መተጣጠፉ ያሞቀዋል። ሙቀቱም ጎማው ውስጥ ያለውን ሽቦና ክር ከላስቲኩ ያላቅቀዋል። ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ስትወርዱ አስፋልቱ ራሱ ይግላል፤ መኪናው ሞልቷል፤ ፍጥነቱም ይጨምራል። የደከመ ጎማ የሚፈነዳው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ታንክ የተገጠመለት ቫን ላይ ጉዳዩ ይከብዳል። ሚኒባስ ተሳፋሪውን አውርዶ ይቀልለዋል። ይሄኛው ግን ቤቱን ተሸክሞ ይውላል፣ ተሸክሞም ያድራል። 70 ሊትር ውሃ ብቻውን 70 ኪሎ ነው። ወራት ቆሞ ቢከርምም ክብደቱ ያንኑ የጎማ ክፍል ተጭኖ ይቆያል። አውሮፓ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት መኪና ሲፒ የሚል ምልክት ያለው ጎማ ይሸጣል። ለኋላ ጎማ ንፋሱ እስከ 5.5 ባር፣ ማለትም 80 ፒኤስአይ አካባቢ ይሞላል፤ ሁለቱም የንፋስ ግፊት መለኪያ ናቸው። እሱን የምትገዙ ከሆነ ቫልቩም የብረት ይሁን። ተራው የላስቲክ ቫልቭ የተሠራው እስከ 65 ፒኤስአይ ላለው ነው።

ለመኪናችሁ የሚያስፈልገውን ቁጥር መጀመሪያ የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ወይም ማንዋሉ ላይ ፈልጉ። የድሮ መኪና ላይ ወረቀቱ ተልጦ ይሆናል፤ መኪናው ላይ ያለው ጎማ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ያገኘውን የገጠመው ሊሆን ስለሚችል ምስክር አይሆንም። ያኔ እንደምትጓዙበት አድርጋችሁ ጫኑትና ሚዛን ላይ አውጡት። የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ አስመዝኑ። ለሁለት አካፍሉ፤ አንዱ ጎን ሊከብድ ስለሚችል በቂ ትርፍ ጨምሩበት። ፋብሪካው ካዘዘው ቁጥር በታች ግን በፍጹም አትውረዱ።

ሌላው የንፋስ ጉዳይ ነው። 950 ኪሎው የሚሠራው ጎማው በቂ ንፋስ ሲኖረው ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ጎማ ላይ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ጭነቱን በ65 ፒኤስአይ እንደሚችል ተጽፏል፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ነው። ቆላ ሲወርዱ «ሙቀት ነው፣ ይፈነዳል» ብሎ ንፋስ የሚያስተነፍስ ሹፌር አለ። እባካችሁ ይሄ ይቅር። ሲሞቅ ግፊቱ እንደሚጨምር ፋብሪካው አስቀድሞ አስቦበታል። የጎደለ ጎማ ነው ይበልጥ የሚተጣጠፈውና የሚግለው።

የጭነት ቁጥሩ ልክ ሆኖም ጎማው ያረጀ ሊሆን ይችላል። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ በመጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። አንዳንዴ ያሉት በአንዱ ጎን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ጎማው ሳይገጠም አገላብጣችሁ እዩ። 1817 ካለ በ2017 18ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ግን የፈረንጅ ነው! በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 2009 ማለት ነው። የእኛ 2017 መስሎት የገዛ ሰው የያዘው እሱ ካሰበው ስምንት ዓመት ገደማ ቀድሞ የተሠራ ጎማ ነው። ብዙ አምራቾች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ በአሥር ዓመት ደግሞ ጥርሱ ቢኖረውም እንዲወገድ ይመክራሉ። ፀሐይ ላይ ለሚውልና ብዙ ለሚቆም ቫን እኔ አሥርን አልጠብቅም። ጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ካያችሁ ጥርሱ አያታላችሁ።

አራቱን ስትቀይሩ ስኮርታውንም አውርዳችሁ ሁለቱንም ቁጥር አንብቡ። በድሮ ቫን ላይ ከሁሉም ያረጀው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።