የሌማን የ24 ሰዓት ውድድርና የመንገድ ዳር ማርሻሎቹ

በምዕራብ ፈረንሳይ በሌማን ከተማ ዳርቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጁን አጋማሽ (በእኛ ሰኔ መጀመሪያ ላይ) የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ይካሄዳል። ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ተጀምሮ እሑድ በዚያው ሰዓት ያበቃል። አንዱን መኪና ሦስት ሾፌሮች እየተፈራረቁ ይነዱታል፤ በተሰጠው ጊዜ ረጅሙን ርቀት የሸፈነ ያሸንፋል። ውድድሩ የተጀመረው በ1923 እ.ኤ.አ. ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዛሬም የሚያዘጋጀው ያው የምዕራብ ፈረንሳይ የአውቶሞቢል ክለብ ነው። አንዱ ዙር 13.6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ብዙው፣ ሁኖዲየር የሚባለውን ረጅም ቀጥታ ጎዳና ጨምሮ፣ በሌላ ጊዜ የሰፈሩ ሰው የቤት መኪናውን የሚነዳበት ተራ የመኪና መንገድ ነው።

ከ300 ሺህ በላይ ተመልካች የሚመጣው መኪኖቹንና ሾፌሮቹን ለማየት ነው። ውድድሩን ከአደጋ ጠብቀው ከዳር የሚያደርሱት ግን ብርቱካናማ ቱታ ለብሰው በየኩርባው የሚቆሙት ማርሻሎች ናቸው። ደመወዝ የላቸውም። መምህር፣ ነርስ፣ መካኒክ፣ ጡረተኛ ሁሉ ይገኝባቸዋል፤ ከእንግሊዝና ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች የዓመት ፈቃዳቸውን አውጥተው የሚመጡም አሉ። ሠልጥኖ ፈቃድ ያላወጣ ሰው እዚያ አይቆምም። ጀማሪው በትናንሽ ውድድሮች ከልምድ ባለቤቶች ጎን እየቆመ ይማራል።

ማርሻሎቹ የሚቆሙበት እያንዳንዱ ኬላ አንድ ኃላፊ አለው። ያየውን በሬዲዮ ለውድድሩ መቆጣጠሪያ ክፍል የሚያስታውቀው እሱ ነው። ከሥሩ ባንዲራ ያዦች፣ እሳት አጥፊዎች፣ የተበላሸ መኪና ገፍተው የሚያወጡና ስብርባሪ የሚለቅሙ ሰዎች ይሠራሉ። ከሁሉ በላይ ሊታይ የሚገባው የባንዲራ ያዦቹ አቋቋም ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ሰማያዊ የያዘው የሚመጡትን መኪኖች ያያል፤ ቢጫ የያዘው ደግሞ ያለፉት ምን እንደገጠማቸው ለማወቅ ወደ ፊተኛው መንገድ ይመለከታል። አንዱ የሌላውን ጀርባ ይጠብቃል ማለት ነው፤ የሚጠብቅ ጓደኛ ሳይኖር ለሚመጣ መኪና ጀርባን መስጠት በዚህ ሥራ ነውር ነው።

ቢጫ ሲውለበለብ ከፊት አደጋ አለ፣ መቅደም ክልክል ነው፤ ሁለት ቢጫ ከሆነ ለመቆም ተዘጋጅ ማለት ነው። ቢጫና ቀይ ሽንትር ያለበት መንገዱ ዘይት ወይም ውኃ እንዳለበት ይናገራል። ነጩ ቀርፋፋ ተሽከርካሪ ከፊት እንዳለ፣ አረንጓዴው መንገዱ ነፃ መሆኑን ያስታውቃል። ሌማን ላይ እጅ የሚያዝለው ሰማያዊው ነው። በአንድ መንገድ ላይ የተለያየ ምድብ መኪኖች ስለሚሮጡ፣ ፈጣኑ ምድብ ከዘገምተኛው በአንድ ዙር ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ ቀን ከሌት አንዱ ሌላውን ያልፋል፤ ባንዲራ ያዡም «ከኋላህ ፈጣን መኪና እየመጣ ነው» ሲል ውሎ ያድራል። ዛሬ የመብራት ሰሌዳዎች ቢያግዙትም ሰውን አልተኩትም። በሰዓት 330 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ90 ሜትር በላይ ስለሚሄድ፣ ሾፌሩ ያየውን ምልክት ለመጠራጠር ፋታ የለውም። አምኖ ይታዘዛል።

ይህ እምነት ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ የ2017ቱ ውድድር አሳይቷል። እኩለ ሌሊት አልፎ የጃፓኑ ካሙይ ኮባያሺ በቶዮታ ቁጥር 7 እየመራ ነበር። ሴፍቲ ካር (አደጋ ሲኖር ከፊት ሆኖ ተወዳዳሪዎቹን በዝግታ የሚመራው መኪና) መንገድ ላይ ስለነበር ከፒት (መኪኖች ነዳጅና ጎማ ከሚቀይሩበት ስፍራ) መውጫው ቀይ መብራት ፊት ቆመ። ብርቱካናማ ልብስ የለበሰ ሰው ጠጋ ብሎ አውራ ጣቱን አሳየው። ኮባያሺ «ሂድ» የተባለ መሰለውና ተነሳ። ቡድኑ ደግሞ በሬዲዮ ቁም አለው። እንዲህ ሲነሳና ሲቆም ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ፤ መኪናውም ውድድሩን አቋረጠ። ሰውየው ማርሻል አልነበረም፤ አይዞህ ሊለው የወጣ የሌላ ቡድን ሾፌር ነበር። ኮባያሺ ያመነው ቱታውን ነው። ማርሻል እጁን በከንቱ አያነሳም የሚባለውም ለዚህ ነው።

አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚደረገው መሮጥ ሳይሆን መቆምና ማየት ነው። ኃላፊው ሳይፈቅድ ማንም ከብረት አጥሩ አይወጣም። ይህ ሕግ በደም የተጻፈ ነው። በ1977 በደቡብ አፍሪካ ኪያላሚ የ19 ዓመት ወጣት ማርሻል እሳት ማጥፊያ ይዞ መንገዱን ሲያቋርጥ በመኪና ተገጭቶ ሞተ፤ ማጥፊያው የመታው ሾፌር ቶም ፕራይስም አብሮ ሞተ። ሌማንም ላይ በ1981 አንድ መኪና ሁኖዲየር ላይ ተሰባብሮ አንድ ማርሻል ገድሏል። ዛሬ በአደጋው አካባቢ ሾፌሮች በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እንዲነዱ የሚገደዱበት አሠራር አለ፤ የሚጠብቀው ደግሞ በመጀመሪያ ደረጃ መንገዱ ላይ የወጣውን ማርሻል ነው። ዲቃላ (በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሠሩ) መኪኖች ከመጡ ወዲህ አዲስ ጥንቃቄ ተጨምሯል፦ መኪናው ላይ ያለው መብራት አረንጓዴ ካልሆነ የኤሌክትሪክ አደጋ ስላለ አይነካም።

ከባዱ ጊዜ ሌሊቱ ነው። ጀምበር የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ መኪና ማለት ሁለት መብራትና ድምፅ ብቻ ይሆናል። ልምድ ያለው ማርሻል የሞተር ድምፅ ሲዛባ ወይም የጎማ ጩኸት ሲረዝም መኪናው ሳይታየው እጁ ወደ ቢጫው ይሄዳል። በየተራ ያርፋሉ፤ ድንኳን ውስጥ ሸለብ ያደርጋሉ፤ ትኩስ ነገር ጠጥተው ይመለሳሉ። በ2024 ከባድ ዝናብ ጥሎ መኪኖቹ ከአራት ሰዓት በላይ ከሴፍቲ ካር ኋላ ሲጎተቱ፣ ማርሻሎቹ ያንኑ ዝናብ እየጠጡ በየኬላቸው ቆዩ። በዚህ ሰዓት የሚመጣው እንቅልፍ ክፉ ነው፤ ለዚህም ጓደኛሞች ዝም አይባባሉም።

ንጋት ከማለዳው 12 ሰዓት ገደማ ይሆናል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጥቁርና ነጭ ዳማው ባንዲራ ወርዶ መኪኖቹ የመጨረሻውን ዙር በዝግታ ሲዞሩ፣ በየኬላው ያሉ ማርሻሎች ከአጥሩ ወጥተው የያዙትን ባንዲራ ሁሉ፣ ቢጫውንም ሰማያዊውንም ነጩንም፣ በአንድነት ያውለበልባሉ። በዚያች ጊዜ ቀለሞቹ ምንም አያዙም። ሾፌሮቹም እጃቸውን እያወጡ አጸፋውን ይመልሳሉ። ከዚያ ባንዲራው ይጠቀለላል፣ ማጥፊያዎቹ ይቆጠራሉ፣ ጠጠሩና የጎማ ፍርፋሪው ይጠረጋል።