የጋራ የፖሊስ መዝገብ ሲባል ሁሉም ሁሉንም ያያል ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው ግን እንደዚያ ይመስለዋል። ጎረቤት የፖሊስ ተቋማት አንድ የክላውድ ሲስተም (በኩባንያ ኮምፒውተሮች ላይ ተቀምጦ በኢንተርኔት የሚሠራ) ሲጋሩ መጀመሪያ የሚጋሩት ሶፍትዌሩንና ሰርቨሩን ነው። መዝገቡ አብዛኛውን ጊዜ የመዘገበው ተቋም ንብረት ሆኖ ይቀጥላል፤ የሚያርመውም እሱ ነው።

ታዲያ ሌላው ጣቢያ ምን ያያል? ይህን የሚወስኑት ተቋማቱ የተፈራረሙት ስምምነትና ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የተሰጠው ፈቃድ ናቸው። የተሰረቀ መኪና ታርጋ ለሁሉም ክፍት ሊሆን ይችላል። የሕፃናት ጉዳይ ወይም የጠቋሚ ስም ግን ለጥቂቶች ብቻ መከፈት አለበት።

ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ፋይል እንደከፈተ ሲስተሙ ይመዘግባል። ለእኔ ትልቁ ጉዳይ ይሄ ነው። ፈቃድ ያለው ፖሊስም እኮ ከሥራው ጋር የማይገናኝ የጎረቤቱን ፋይል ሊከፍት ይችላል። ያንን ምዝገባ አዘውትሮ የሚመረምር ሰው ከሌለ፣ ምዝገባው ብቻውን ማንንም አይጠብቅም።

ሲስተሙን የሚያቀርበው ኩባንያስ? መረጃውን ያስቀምጣል እንጂ እንደፈለገ አያዝበትም። በአሜሪካ የኤፍቢአይ የወንጀል ፍትሕ መረጃ ደህንነት ፖሊሲ እንዲህ ያለ መረጃ የሚነኩ የግል ኩባንያዎችንም ያስገድዳል። ውሉ ላይ ግን አንድ ነገር በግልጽ መጻፍ አለበት፦ ተቋሙ ከሲስተሙ ቢወጣ መዝገቡን በምን መልክ ይረከባል? ኩባንያው ጋ የቀረው ቅጂስ መቼ ይጠፋል?